ብንቀር ማን ይጠይቀናል?

ባሕር ዳር ላይ ቤተ ክርስቲያን ሰው አጣች የሚል ካለ በፍልሰታ ጾም መጥቶ ይይ። ነሐሴ ከባተ ጀምሮ እኩለ ቀን ሲያልፍ ነጠላ ያጣፋ ሰው መንገዱን ይሞላዋል። ዝናቡ አያስቀረውም፤ ጃንጥላ ያለው ይዘረጋል፣ የሌለው ነጠላውን ራሱ ላይ ጣል ያደርጋል። ለመቁረብ እህል ሳይቀምሱ የዋሉ ሕፃናት እናታቸው ጀርባ ላይ እንቅልፍ ይዟቸው ይሄዳል። ቅጽሩ ሞልቶ የተረፈው ከአጥሩ ውጭ ጭቃው ላይ ቆሞ ያስቀድሳል። ከቆመው ሕዝብ ደግሞ የሚበዛው ወጣት ነው። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ሪፖርት ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክሳውያን 78 በመቶ ያህሉ በየሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን እንደሚሄዱ መናገራቸውን ጽፏል። ባሕር ዳር የሚኖር ሰው ይህን ለማመን ሪፖርት አያስፈልገውም።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል አንዷ በሚቀጥለው እሑድ ብትቀር፣ መቅረቷን ልብ የሚል ሰው አለ ወይ? አሟት ይሆን ብሎ በሯን የሚያንኳኳስ? ሥራዬ ነርስነት ነው። ሰው በጨነቀው ሰዓት ማን እንደሚደርስለት በየቀኑ አያለሁ፤ ጥያቄውም ከዚያው የመጣ ነው።

አያቴ ኖራ ያለፈችው ዘጌ ነው። ዘጌ ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ የምታስኬድ፣ ወደ ጣና ዘልቃ የገባች፣ በቡና ደን የተሸፈነች ምድር ናት። ኡራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ያሉት እዚያ ነው። አባቶች እንደሚያስተምሩት አቡነ በትረ ማርያም ምድሪቱ እንዳትታረስ፣ በሬም እንዳይጠመድባት ገዝተዋል፤ ቡናውም ከበትራቸው በቅሏል። ደኑ እስከ ዛሬ የቆመው ሕዝቡ ያን ግዝት ስላከበረ ነው። አያቴ የየትኛው አጥቢያ አባል ነሽ ተብላ የተጠየቀችበት ቀን ያለ አይመስለኝም። ክርስትና የተነሣችው፣ ያገባችው፣ ልጆቿንም የቀበረችው እዚያው ቤቷ አጠገብ ካለው ደብር ነው። አንድ ሰንበት ከቀረች ቅዳሴው እንዳለቀ ጎረቤት ደጇ ይደርሳል። የንስሐ አባቷ ከማን ጋር እንደተቀያየመች፣ ምን ያህል ብድር እንዳለባት ሳይቀር ያውቁ ነበር።

እንዲህ መታወቅ ግን ሸክምም ነበረው። ባሏ የሞተባት ሴት ማን ቤት ገባች ማን ቤት ወጣች እየተባለች ትኖር ነበር። ሸክላ የምትሠራ ሴት ቡዳ ተብላ ትሸሻለች። ከደንገል ታንኳ እየሠሩ ሐይቁን ሲያሻግሩን የኖሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች ጎረቤቶቻችን ሆነው ሳለ ማዕድ አብረን አንቆርስም ነበር። ጉማሬ ይበላሉ እየተባሉ ስንት ዘመን ተንቀው ኖሩ! የድሮው አብሮነት እነማን ውጭ እንደሚቀሩም አብሮ ይወስን ነበር። ስለዚህ የአያቴ ዘመን እንዳለ ይመለስ አልልም። የምናፍቀው ከዚያ ውስጥ አንዱን ነገር ነው፤ ስትቀር የሚጠይቃት ነበራት።

በእናቴ ዘመን ነገሩ መልኩን ለወጠ። ብዙ ሰው የዛሬው የአጥቢያ አሠራር ከጥንት የመጣ ይመስለዋል፤ ነገር ግን የቅርብ ጊዜ ነው። ቤተ ክርስቲያን ለብዙ ዘመን የኖረችው በመሬቷ ነበር፤ ካህኑም መሪጌታውም ዲያቆኑም የሚተዳደረው ከዚያው ነው። ሰበካ ጉባኤን፣ ማለትም ምእመኑና ካህኑ አጥቢያቸውን አብረው የሚያስተዳድሩበትን ጉባኤ፣ ያቋቋመው ቃለ ዓዋዲ የተባለው የቤተ ክርስቲያን ደንብ በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን በ1965 ወጣ። ሁለት ዓመት አለፍ ብሎ የካቲት 25 ቀን 1967 ደርግ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገውን አዋጅ ሲያውጅ መሬቱ ሄደ። ከዚያ ወዲያ አጥቢያው የሚቆመው ምእመኑ በሚያዋጣው ገንዘብ ሆነ። አባልነት ስም የሚጻፍበት፣ ዓመታዊ ክፍያ የሚከፈልበት፣ ካርድ የሚያዝበት ነገር ሆኖ መጣ። እናቴ ባሕር ዳር ስትገባ መጀመሪያ ካደረገቻቸው ነገሮች አንዱ ሰበካ ጉባኤ መመዝገብ ነው። ካርዷ እስከ ዛሬ ከልጆቿ የክትባት ካርድ ጋር በአንድ ላስቲክ ተጠቅልሎ ሳጥኗ ውስጥ አለ። ቀብር ሲመጣ እንደሚጠየቅ ታውቃለች።

ከተማዋ ግን ከካርዱ ቀድማ ሮጠች። በ1987ቱ ቆጠራ 96 ሺህ ገደማ የነበረው የባሕር ዳር ሕዝብ በ1999ኙ ከ155 ሺህ በላይ ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ ምን ያህል እንደሰፋች ዓባይን ተሻግሮ አባይ ማዶ የወጣ ሰው ያየዋል። በየዳርቻው አዲስ ቤተ ክርስቲያን ይተከላል፤ መጀመሪያ ቆርቆሮ ይሆንና ቆይቶ ሕንፃው ይነሣል። አንድ የከተማ ካህን የስንት ሰው ንስሐ አባት እንደሆነ ብትጠይቁት ራሱም ቆጥሮ አይደርስበትም። በዓመት አንዴ ቤታችን ጸበል ሊረጭ ሲመጣ የልጆቹን ስም ይረሳል። አልፈርድበትም። ደመወዙ የቤት ኪራይ አይሸፍንም፤ ሌሊት ቆሞ አድሮ ቀን ቀብር ላይ ይውላል።

እዚህ ላይ ያየሁትን ልናገር። በምሠራበት ክፍል ሁለት ሕመምተኞች ጎን ለጎን ተኝተው ነበር። አንደኛው ከደቅ ደሴት የመጡ ሽማግሌ ናቸው። ልጃቸው ጠዋት መጥቶ «ሲስተር፣ የንስሐ አባታችን በጀልባ እየመጡ ነው፣ እንዳይከለክሏቸው» አለኝ። ቀትር ላይ ደረሱ። የጋቢያቸው ጫፍ ርሷል፤ መስቀላቸውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ደረታቸው ላይ ይዘዋል። ሽማግሌው መነሣት አቅቷቸው ራሳቸውን ብቻ ከትራሱ ቀና አደረጉ። ካህኑ መስቀሉን አሳልመው አልጋው ጫፍ ላይ ከተቀመጡ በኋላ ስለ ሕመሙ አንድም ነገር አልጠየቁም። «በሬህን ያ የእህትህ ልጅ ይዞልሃል። ማሳህም ታርሟል። አታስብ» አሏቸው። የሽማግሌው ፊት ሲፈታ በዓይኔ አየሁ። ጸሎቱ የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

አጠገባቸው የተኛው ወጣት የከተማ ልጅ ነው። የተማረ ነው፤ ሃይማኖቱንም አጥብቆ ይወዳል። ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ሌሊቱን ሙሉ ስብከት ሲሰማ ያድራል፤ የትኛው መምህር የቱን ክፍል እንዴት እንደተረጎመው ለእኔም ያስረዳኝ ነበር። ካህኑ የሽማግሌውን ጸሎት ሲጨርሱ ወደ እሱ ዞር ብለው «ልጄ፣ ለአንተም ልጸልይልህ፤ ክርስትና ስምህ ማነው?» አሉት። ዝም አለ። ጥቂት ቆይቶ ስልኩን አነሣና ደወለ፤ «እማዬ፣ ክርስትና ስሜ ማን ነበር?» እናትየው ከወዲያ ማዶ መልስ ከመስጠቷ በፊት ጮኻ አለቀሰች። ልጇ ክርስትና ስሙን የሚጠየቀው ለፍትሐት መስሏት ነው። እሷን አረጋግቶ ስሙን ለማስወጣት ብዙ ጊዜ ፈጀ፤ ካህኑ መስቀላቸውን እንደያዙ ቆመው ጠበቁት።

ያ ልጅ ከሽማግሌው ያነሰ እምነት ነበረው የሚል ሰው ቢኖር እከራከረዋለሁ። የጎደለው እምነት አልነበረም።

ስልኩንም ዝም ብዬ አልወቅስም። ሌሊት ተረኛ የሆነች ሴት ማኅሌት መቆም አትችልም፤ እሑድ ጠዋት ስትወጣም እግሯ አብጦ ነው። በአንድ ጆሮዬ ማኅሌቱን፣ በሌላው የሕመምተኛውን ጥሪ እየሰማሁ ያደርኩባቸው በዓላት አሉኝ፤ ያ ድምፅ ባይኖር ኖሮ ምን እሆን ነበር? ደግሞ የመጻሕፍት ትርጓሜ የሚባለው ትምህርት ለብዙ ዘመን በአብዛኛው ከየኔታ እግር ሥር ለተቀመጠ ወንድ ተማሪ የተሰጠ ነበር። ኮሮጆውን ተሸክሞ፣ ለምኖ እየበላ፣ በጎጃምና በጎንደር ጉባኤ ቤቶች ዓመታት ያሳለፈው ያገኘዋል። አያቴ ስለ ቅዱስ ኤፍሬም ያወቀችው በውዳሴ ማርያም ስሙ ሲጠራ ብቻ ነው። እኔ ድንች እየላጥኩ የእያንዳንዱን ዕለት ውዳሴ ትርጓሜ እሰማለሁ። ከጣና ገዳማት ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም፤ ሥርዓቱን እቀበላለሁ፤ በጀልባ ሳልፍ ከሩቅ ተሳልሜ ከክብራን አጠገብ ወዳለው ወደ እንጦስ እየሱስ ገዳም እሄዳለሁ። የክብራንን የብራና መጻሕፍት ሥዕል ግን ያየሁት በስልክ ነው። ይህ ለእኔ ትልቅ ጸጋ ነው።

ይሁንና የማልቀበለው አለ። በጸበል ቦታ የታመመ ሰው ሲጮህና ሲወድቅ ፊቱን ሳይሸፍኑ ቀርጸው የሚለቁትን አልቀበልም። ያ ሰው ነገ ድኖ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ቪዲዮው ግን አይድንለትም። በዚያ ዓይነት ቪዲዮ ተገፋፍተው መድኃኒታቸውን ጥለው ቆይተው ሲብስባቸው የሚመጡትን የምቀበለው እኔ ነኝ። አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ ጸበሉንና መድኃኒቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረዋል። የሚያውቃት ንስሐ አባት ያላት ሴትም ብዙ ጊዜ «ኪኒንሽን ውጪ፣ ጸበሉንም ጠጪ» ተብላ ነው የምትመጣው። በስክሪን ብቻ የምትከተል ሴት ግን ይህን የሚላት የላትም። የሚሰብክላት ሰው መኖሯንም አያውቅም።

እንግዲህ በአንድ ዕድሜ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተፈትነናል። መጀመሪያ ደጁ ተዘግቶ ስክሪኑ ቀረልን፤ ቀጥሎ ስክሪኑ ተዘግቶ ደጁ ቀረልን።

በ2012 በኮሮና ምክንያት ሕማማትንና ፋሲካን ቤታችን ዋልን። ስቅለት ዕለት እናቴ ሳሎኑን ጠርጋ፣ ወንበሮቹን ግድግዳ ጥግ አስጠግታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመች። ተቀመጪ ብንላት እንቢ አለች። ስግደቱን ከስክሪኑ ጋር እኩል ሰገደች። ያን ዕለት ስክሪኑ አስታረቀን ማለት እችላለሁ፤ ከእናቴ ጋር ከአንድ ምንጣፍ ላይ የሰገድኩበት ሌላ ስቅለት የለም።

በ2015 ደግሞ የፍልሰታ ጾም ሲገባ ከተማችን ተኩስ ውስጥ ነበረች። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሐምሌ 28 ታውጆ ነበር፤ ጾሙ ነሐሴ 1 ገባ። የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ሳምንት ሳይሆን ወራት ቆየ። የምሰማቸው መምህራን ድምፅ በአንድ ቀን ጠፋ፤ አባል የሆንኩባቸው የቴሌግራም ቡድኖች ሁሉ ከነሺህ ሰዋቸው ዝም አሉ። የሰዓት እላፊ ስላለ ማኅሌት ለመቆም በሌሊት መውጣት አልተቻለም። የቀረን በእግር የሚደረስበት የሰፈር ቤተ ክርስቲያን ነው። ድምፁ ጋብ ሲል ሴቶቹ በር ከፍተው ይወጣሉ፤ ብቻ መሄድ ስለሚያስፈራ ከአንድ በር ወደ ሌላ በር እየተጠራሩ ይሰባሰባሉ። ስንት ዓመት ጎን ለጎን ኖረን ስማቸውን የማላውቃቸውን ሴቶች ያወቅኩት በዚያ ጉዞ ነው። ከመካከላቸው ጉልት የሚሸጡ አንድ እናት አሉ። ከቅዳሴ ስንወጣ በሩ ላይ ቆመው ዓይናቸውን በሰዉ ላይ ያዞራሉ፤ «የእነ እገሌ ቤት ዛሬም አልመጡም፤ ደኅና ናቸው?» ይላሉ። ያልመጡት ቤት ሳይጠየቅ ቀኑ አይመሽም። አንዲት ወላድ ብቻዋን ቤት ውስጥ መቅረቷ የታወቀው እንዲህ ነው። ተጠርቼ ሄጄ እኔው አዋለድኳት፤ ልጁም እናቲቱም ደኅና ናቸው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር በግልጽ ይታየኛል። ትልቁ አብሮነታችን እየጠነከረ ነው። በዚያው በ2015 ጥር ላይ በሲኖዶሱ ላይ ችግር በተፈጠረ ጊዜ ጾመ ነነዌን ጥቁር ለብሰን ጾምን፤ እዚህም አዲስ አበባም ጎንደርም አንድ ሆነን አለቀስን። በጥምቀት ወጣቶቹ አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰው ታቦቱ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ምንጣፉን እየጠቀለሉና እየዘረጉ ሲሮጡ ሳይ ደስታ ያንቀኛል። ገንዘባችንም በአንድ ሰዓት ውስጥ አይተነው ለማናውቀው ገዳም በቴሌብር ይደርሳል። ትንሹ አብሮነት፣ የሠላሳና የአርባ ሰው የሆነው፣ እሱ ነው የሚሳሳው። ለሚሊዮኖች ጥቁር የለበሰ ሰው ግድግዳ የሚለየው ጎረቤቱ ከሞተ ሦስተኛ ቀኑ መሆኑን ላያውቅ ይችላል።

ይህ ክፍተት የት እንደሚጎዳ በተማሪዎቹ ላይ አይቻለሁ። በዩኒቨርሲቲያችን ፔዳና ፖሊ ግቢ ያሉ ልጆች በግቢ ጉባኤ፣ በኦርቶዶክስ ተማሪዎች ኅብረት፣ ታቅፈው ይኖራሉ። የማኅበረ ቅዱሳን አጀማመር ራሱ ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነው፤ በ1983 ብላቴ ለወታደራዊ ሥልጠና ተልከው ሳለ በጸሎት ተሰባስበው፣ በ1984 ማኅበሩ ተመሠረተ። ግቢ ጉባኤ ውስጥ አንድ ልጅ ቢታመም ወጥ ይዘው የሚመጡ ጓደኞች አሉት፤ ቢያዝን አብረውት ያድራሉ። ተመርቆ ሲወጣ ግን የምረቃ መስቀሉን አንጠልጥሎ፣ ማንም ለማንም ሳያስረክበው፣ ኪራይ ቤት ፍለጋ ይሄዳል። ከአንድ አጥቢያ ወደ ሌላው የሚያሻግረው የለም። እኔም የተመረቅኩ ጊዜ እንዲሁ ነበር። ሰንበት ትምህርት ቤቶቻችን ለሕፃናትና ለወጣት መዘምራን ቦታ አላቸው፤ ሥራ ለያዘች፣ ላላገባች፣ በፈረቃ ለምትሠራ ሴት ግን የት ግቢ ይሏታል?

አብራኝ የምትሠራ አንዲት ጓደኛዬ ፕሮቴስታንት ሆናለች። እናቷ ሠርጓ ላይ አልተገኘችም፤ ያ ቁስል አሁንም አልዳነም። ለምን ሄድሽ ብዬ በጠየቅኳት ጊዜ የትምህርት ክርክር እጠብቅ ነበር። «ሁለት ሳምንት ታምሜ ስቀር እነሱ ደወሉልኝ፤ በማግስቱ ሾርባ ይዘው መጡ» አለችኝ። ሐሙስ ሐሙስ ቤት ለቤት የሚሰባሰቡ ሰዎች ናቸው። በእምነታችን ብንለያይም ያለችው እውነት ነው። በ1987ቱ የሕዝብ ቆጠራ ከአገሩ ሕዝብ 50.6 በመቶ የነበረው ኦርቶዶክስ በ1999ኙ 43.5 በመቶ ሆኗል። ለዚህ ብዙ ምክንያት ይቆጠራል። ከምክንያቶቹ መካከል ሾርባው እንዳለበት ግን ጓደኛዬን አይቼ አውቃለሁ። ደግሞ የሚያሳዝነው፣ ይህ ልማድ የእኛው ሀብት ነው። ጽዋ ማኅበሩም፣ ሰንበቴውም፣ ዕድሩም በእጃችን ያለ ነው።

ከዚያ ፍልሰታ በኋላ አብረን የተመላለስነው ሴቶች የሚካኤል ጽዋ ጀመርን። በየወሩ 12 ተረኛዋ ዳቦ ትደፋለች፣ ጠላ ትጠምቃለች፣ ካህኑ ይባርካሉ፣ ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ወደ ቀጣይዋ ተረኛ ይሄዳል። ሙሴያችን፣ የማኅበሩ መሪ ማለት ነው፣ እኒያ ጉልት የሚሸጡት እናት ናቸው። ሕጋችን ጥቂት ነው፦ የቀረ ይቀጣል፤ ሁለት ጊዜ የቀረ ቤቱ ይኬዳል፤ ማኅበርተኛ የሌላን ማኅበርተኛ ገመና አያወራም። ይህችን የመጨረሻዋን ያስገባናት አያቶቻችን በምን እንደተጎዱ ስለምናውቅ ነው። ሸክላ የሚሠሩ እናትም ከመካከላችን አሉ፤ ጽዋውም እንደማንኛችንም በተራቸው ቤታቸው ይገባል። ለእኛ ለፈረቃ ሠራተኞች ሲባል ሰዓቱ ወደ ማታ ተገፍቷል፤ ካህናችንም መጀመሪያ ቢያመነቱም አሁን ደስ ብሏቸው ይመጣሉ። ኢንተርኔቱ ሲመለስ ልጃገረዶቹ የቴሌግራም ቡድን እንክፈት አሉ። ሙሴያችን «ለቀጠሮው ይሁን። የቀረች ካለች ግን መልእክት አትላኩ፣ በሯን አንኳኩ» ብለው ፈቀዱ።

አሁን ያለን ጭንቅ ብዛታችን ነው። ከየሰፈሩ የሰሙ ሴቶች እንግባ እያሉ ነው፤ ክፍላችን ደግሞ አይበቃም። ግማሾቻችን ሰፊ አዳራሽ ተለምኖ አንድ ላይ እንቀጥል ይላሉ፤ መለያየቱ ከበዳቸው፣ እኔም እረዳቸዋለሁ። እኔ ግን ለሁለት ይከፈል ባይ ነኝ፤ ሰባና ሰማንያ ከሆንን ሙሴያችን በሩ ላይ ቆመው የቀረችውን መለየት አይችሉም። ሁለተኛው ማኅበር አባይ ማዶ ቢሆን፣ ከግቢ ጉባኤ በቅርቡ የወጡት ልጆችም እዚያ ስለሚከራዩ እነሱን መጥራት ይቻላል። የሚቀጥለው ወር ተረኛ እኔ ነኝ። ጠላውን ጠምቄያለሁ፤ ክርክሩ የሚያልቀው እኔ ቤት ነው።